የተማሪዎች ዲን፦ እናትም ፖሊስም የሆነ ሹመት

ስለ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች በየጊዜው ይጻፋል፡፡ ማን ተሾመ፣ ማን ተነሳ፣ ከየት አካባቢ የመጣ ነው የሚለው ወሬ ከሹመት ደብዳቤው ቀድሞ ከተማውን ያዳርሳል፡፡ ስለ ተማሪዎች ዲን ግን የሚጽፍም የሚጠይቅም የለም፡፡ ከገጠር ወረዳ ተነስቶ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ ግቢ የገባ የ18 ዓመት ልጅ ፕሬዚዳንቱን የሚያየው ምናልባት በምረቃው ዕለት ነው፡፡ ዶርም የሚደለድለው፣ ሚል ካርድ የሚሰጠው፣ ሲታመም ከክሊኒክ ወደ ሆስፒታል የሚልከው፣ ከዶርም ልጆች ጋር ሲጋጭ የሚያስታርቀው ወይም የሚቀጣው፣ ቤተሰቡ ገንዘብ መላክ አቅቶት ትምህርቱን ሊያቋርጥ ሲል "ቆይ እስቲ" የሚለው (የሚለው ካለ) የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ነው፡፡

በዚህ ጽሑፍ ሹመቱ ከየት እንደመጣ፣ በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ የነበሩ መሪዎች በተማሪው ደኅንነትና በትምህርት ዕድል ጉዳይ እንዴት እንደተፈተኑ፣ ሕጉ ምን እንደሚልና ዛሬ ይህንን ሥራ የሚሠራ ሰው ወዴት እንደሚያድግ ለማሳየት እሞክራለሁ፡፡ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፡፡ የእኛ አገር የተማሪዎች ዲን በአንድ ወንበር ሁለት ሥራ ተጭኖበታል፤ እናት ሁን ተብሏል፣ ፖሊስም ሁን ተብሏል፡፡ የሚለካውም ስንት ተማሪ ትምህርቱን ከማቋረጥ አዳነ ተብሎ ሳይሆን ግቢው ስንት ቀን ጸጥ ብሎ ሰነበተ ተብሎ ነው፡፡ እንዲህ በሚለካ ሥራ ላይ ጥሩ ሰው ብዙ አይቆይም፡፡

ሹመቱ ከየት መጣ?

የተማሪን ኑሮ ብቻ የሚመለከት ኃላፊ መሾም በስፋት የተለመደው በአሜሪካ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሃርቫርድ ሊባረን ብሪግስ የተባሉ የእንግሊዝኛ መምህርን በዲንነት ሾሞ የተማሪዎችን ጉዳይ አስረከባቸው፡፡ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቶማስ አርክል ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1909 "የወንዶች ዲን" የሚል ማዕረግ ያዙ፡፡ ክላርክ የታመመ ተማሪ በመጠየቅም፣ የሚጠጣና የሚቆምር ተማሪ አድኖ በመያዝም የታወቁ ነበሩ፡፡ እናትም ፖሊስም ያልኩት ነገር ከጥንስሱ አብሮ የመጣ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፡፡

ለዚህ ድርብ ሥልጣን የሕግ መሠረት የሆነው "ኮሌጅ በወላጅ ፈንታ ይቆማል" የሚለው መርህ ነበር፡፡ የሕግ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1913 በኬንታኪ ግዛት በቤሪያ ኮሌጅ ጉዳይ የተሰጠውን ፍርድ ይጠቅሳሉ፡፡ ኮሌጁ ተማሪዎቹ ከግቢ ውጭ ባለ ምግብ ቤት እንዳይመገቡ ከለከለ፡፡ ገበያ የቆመበት ባለ ምግብ ቤት ከሰሰ፡፡ ፍርድ ቤቱም አባት ለልጁ እንደሚያዝ ሁሉ ኮሌጁም ለተማሪው ማዘዝ ይችላል ብሎ ወሰነ፡፡ በየዩኒቨርሲቲያችን በር ላይ ሽሮና እንቁላል ሳንዱች እየሸጡ የሚተዳደሩ እናቶች ይህንን ፍርድ ባይሰሙት ይሻላል፡፡

መርሁን የሰበረው ሌላ ክርክር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1960 በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ የአንድ የጥቁሮች ኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ ምሳ ቤት ገብተው እንስተናገድ አሉ፡፡ ክስ ሳይነገራቸው፣ ቃላቸው ሳይሰማ ተባረሩ፡፡ ዲክሰን የተባለው ተማሪና ጓደኞቹ ከሰሱ፤ በ1961 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አንድ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ጥፋቱን ሊነግረውና ሊሰማው ይገባል ሲል ፈረደ፡፡ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የተማሪ ዲን የአባትነት ሥልጣኑ እየጠበበ፣ ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ሄደ፡፡ በዘርፉ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ይሰጣል፤ ሰዎች በወጣትነት ገብተውበት ጡረታ ይወጡበታል፡፡

ማት፣ ካሣ፣ አክሊሉ

እኛ ዘንድ ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚናገረው ታሪክ መሠረት፣ የያዘው 33 ተማሪዎችን ነበር፡፡ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ከዚያ በፊት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፡፡ ተማሪው አዳሪ ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሰዓት ይጠበቅበታል፡፡ በ33 ተማሪ ዘመን የተማሪዎች ዲን ማለት ፕሬዚዳንቱ ራሱ ነው፤ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ያውቃል፡፡ የዚያ ትውልድ ሰዎች ስለ ኮሌጁ ሲያወሩ ከትምህርቱ እኩል ስለ ምግቡና ስለ አልጋው የሚያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

የትምህርት ዕድል የማስፋት ነገርም የተጀመረው ያኔ ነው፡፡ በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባዔ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ አስታወቁ፡፡ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ልጆች ከእኛ ተማሪዎች ጋር አንድ ግቢ ኖሩ፤ የራሳቸውን አገር ፖለቲካም ይዘው መጡ፡፡ ለጨዋነትና ለዲፕሎማሲ የተሰጠ ዕድል የተማሪውን ንቅናቄ ካጋጋሉት ነገሮች አንዱ ሆነ፡፡

ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመረቀ፡፡ ከዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የጥናት ቡድን ያቀረበው ዕቅድ ለአደረጃጀቱ መነሻ ስለነበር የአሜሪካው ልማድ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በረታ፡፡ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደማርያም ሆኑ፡፡ በዚያው ሰሞን የአዳሪነት ሥርዓቱ ቀረ፡፡ ብዙ ተማሪ ለመቀበል የማደሪያ ወጪ መቀነስ አለበት ብሎ መከራከር ይቻላል፡፡ ተማሪዎቹ ግን የቆጠሩት እንደ ቅጣት ነው፤ በኮሌጁ በዓል ላይ የድሃውን ኑሮ የሚያነሳ፣ መኳንንቱን የሚያስከፋ ግጥም መነበብ የጀመረበት ጊዜ ነበርና፡፡ ብዙ ተማሪ መቀበልና የተቀበሉትን በደህና ማኖር እንዴት እንደሚጋጩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ከ60 ዓመት በላይ ቢሆነውም ጥያቄው አሁንም ያው ነው፡፡

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ትልቅ ሥራ ነው፡፡ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ፣ በአብዛኛው በመምህርነት ያገለግላል፡፡ መጀመሪያ ያጉረመረመ ነበር፡፡ ይሁንና በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር በጠፋበት ዘመን እነዚህ ወጣቶች ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው ቀጥለው ዩኒቨርሲቲ የገቡት፡፡ የትምህርት ዕድል ማስፋት ማለት ፎቅ መሥራት ብቻ አለመሆኑን ያኔ የገባቸው ሰዎች ነበሩ፡፡

ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ከትምህርት ፋኩልቲ ዲንነት ወደ ፕሬዚዳንትነት የመጡት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፡፡ በሙያቸው የትምህርት ሰው ናቸው፡፡ ገና አዲስ ተሿሚ ሳሉ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ስድስት ኪሎ አካባቢ በጥይት ተገደለ፡፡ በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው ግቢው ውስጥ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ክቡር ዘበኛ ገብቶ ተኮሰ፡፡ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የግቢውን በር ከውስጥ የመዝጋት ሥልጣን እንደሌለው ያን ዕለት በደም ተጻፈ፡፡ ዶክተር አክሊሉ እስከ አብዮቱ ዩኒቨርሲቲውን መርተው፣ ለጥቂት ዓመታት በሚኒስትርነት ሠርተው፣ በኋላ በዓለም ባንክ የትምህርት ዘርፍ ኃላፊ ሆኑ፡፡ እሳቸውን የተካ አገር የለንም፤ የተካቸው ዋሽንግተን ነው፡፡ ልጅ ካሣን ደግሞ ደርግ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው፡፡

ስለ ደርግ ዘመን አላስረዝምም፡፡ ዩኒቨርሲቲው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተዘጋ፣ ቀይ ሽብር መጣ፤ የተማሪ ደኅንነት የሚባል ነገር በየትኛውም ቢሮ በር ላይ ሊለጠፍ የሚችልበት ጊዜ አልነበረም፡፡

በ1985 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የኤርትራን ሪፈረንደም በመቃወም የወጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተተኩሶ ሕይወት ጠፋ፡፡ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፡፡ ከወራት በኋላ ፕሮፌሰር ዓሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ፤ ፕሬዚዳንቱ ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ተፈራም ከኃላፊነት ተነሱ፡፡ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. እንደገና ሆነ፡፡ የዚያን ጊዜ የተማሪዎቹ ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነ ልዘርዝረው፦ ነፃ የተማሪዎች ኅብረት ይኑረን፣ ጋዜጣችን ይታተም፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ከመንግሥት ጋር የተጠጉ ሁለት የዩኒቨርሲቲው አስተዳዳሪዎች ይነሱልን፡፡ በተከተለው ሁከት በከተማዋ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፡፡ ተማሪ በአደባባይ "ይነሱልን" ብሎ በስም ከጠየቀባቸው አስተዳዳሪዎች ጋር ሌሊት አሞኝ፣ ጨንቆኝ ብሎ ሊነጋገር አይችልም፡፡ ቢሮው እንደ ጆሮ ጠቢ ከታየ የምክር አገልግሎት የሚል ታፔላ ቢሰቀልበት ማን ደፍሮ ይገባል?

ሕጉና ሰውዬው

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሦስት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች ወጥተዋል፦ ቁጥር 351/1995፣ ቁጥር 650/2001 እና ቁጥር 1152/2011፡፡ በተለይ ሁለቱ የኋለኞቹ ስለ ተማሪ መብት፣ ስለ ሴቶችና ስለ አካል ጉዳተኞች ድጋፍ ጥሩ ጥሩ ቃል አላቸው፡፡ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ትምህርት ለሁሉም እንዲደርስ ይደነግጋል፡፡ የሕግ ተማሪ ሆኜ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ግዴታ የሚጥል አንቀጽ ሁሉ "ማን ይፈጽመው?" ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት ነው፡፡ እዚህ ላይ መልሱ አንድ የደከመ ሌክቸረር ነው፡፡

በተለመደው አሠራር የተማሪዎች ዲን የሚሆነው ከመምህራን መካከል አንዱ ነው፡፡ በደብዳቤ ይመደባል፤ የማስተማር ጭነቱ ይቀነስለታል፤ የኃላፊነት አበል ይታሰብለታል፡፡ ስልኩ ሌሊት በስምንት ሰዓት ይጮሃል፤ ውኃ ጠፋ፣ ዶርም ውስጥ ተደባደቡ፣ አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ወደቀች፡፡ የደረጃ ዕድገቱ የሚወሰነው ግን በዋናነት በማስተማርና ባሳተመው ጥናት ነው፡፡ ሁለትና ሦስት ዓመት ዲን ሆኖ ሲመለስ ጓደኞቹ ዶክትሬታቸውን ይዘው ረዳት ፕሮፌሰር ሆነው ይጠብቁታል፡፡ ስለዚህ ብልጡ ሹመቱን ይሸሻል፤ የፖለቲካ መሰላል የሚፈልገው ይሽቀዳደምበታል፤ ከልቡ ለልጆቹ ብሎ የገባው ደግሞ ተቃጥሎ ይወጣል፡፡ ሦስቱንም ዓይነት ሰው አውቃለሁ፤ ሦስተኞቹ ከሚገመተው በላይ ብዙ ናቸው፡፡

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን ከማልጠራው አንድ የክልል ከተማ ዩኒቨርሲቲ የታገደ ተማሪ ቤተሰብ ወደ ቢሮዬ መጣ፡፡ የእግድ ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው፤ "በፈጸሙት የዲሲፕሊን ጥፋት" ከማለት በቀር ጥፋቱን አይናገርም፡፡ ፋይሉን ስናገኘው ሪፖርቱን ያቀረበው ዲኑ ነው፤ ምስክር ያደራጀው ዲኑ ነው፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴውን የሰበሰበውም ያው ዲን ነው፡፡ ሰውዬውን አግኝቼው ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፡፡ "አቶ እገሌ፣ ግቢው እንዳይረበሽ ብዬ ነው" አለኝ፡፡ ያው ልጅ ከመታገዱ ከአራት ወር በፊት አባቱ ሲሞቱበት ከኪሱ የትራንስፖርት የሰጠውም እሱ ነበር፡፡ ጉዳዩ ለበላይ አካል ቀርቦ ልጁ ተመለሰ፤ ዓመቱ ግን ተቃጠለ፡፡

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት ተቋም በሰው መብት ላይ ሲወስን ባለጉዳዩን እንዲሰማና ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ በፍርድ ቤት የመከለስ በርም ይከፍታል፡፡ በእኔ አስተያየት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ሲያባርር ከዚህ አዋጅ መንፈስ የሚያመልጥበት ምክንያት የለም፡፡ አላባማ ላይ ከ60 ዓመት በፊት የተባለው እኛም ሕግ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፡፡ ይሁን እንጂ ከሳሽና ዳኛ አንድ ሰው እስከሆነ ድረስ የመሰማት መብት ወረቀት ላይ ይቀራል፡፡ ከተማሪው ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ዲኑ ነው ብል ያጋነንኩ ይመስል ይሆናል፡፡ ለልጁ የትራንስፖርት የሰጠው እጅ ነው የእግዱን ደብዳቤ የፈረመው፡፡

ስለ ሆድ

የተማሪ ደኅንነት ሲባል በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሰው የአእምሮ ጤናን ያነሳል፤ ተገቢ ነው፡፡ እኛ ግን ከሆድ እንጀምር፡፡ የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ከወጣ ጀምሮ ተማሪው የምግብና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ተመርቆ ሲሠራ ከደመወዙ እየከፈለ ሊመልስ ይፈርማል፡፡ ማለትም ካፌ የሚበላው ሽሮ ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው፡፡ ለዓመታት ለአንድ ተማሪ በቀን የተመደበው 15 ብር ነበር፡፡ ኋላ ወደ 22 ብር ከፍ አለ፡፡ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር እንዲሆን ተወሰነ፡፡ በ15 እና በ22 ብር ዘመን ሦስት ጊዜ ማብላት የነበረባቸው የተማሪ አገልግሎት ኃላፊዎች ምን ዓይነት ተዓምር ይሠሩ እንደነበር ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ከጨረታ አሸናፊው ነጋዴ ጋር ይለማመጣሉ፣ ከዩኒቨርሲቲው እርሻ ጎመን ያስለቅማሉ፣ ዳቦው ሲያንስ ደግሞ ሰልፉ ቢሯቸው በር ላይ ነው፡፡ ከፖለቲካ ይልቅ በዳቦ መጠን የተነሳ የግቢ ረብሻ ብዙ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ግን "በውጭ ኃይሎች የተቀሰቀሰ" ተብሎ ይጻፋል፡፡

የሴቶችንና የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ በተመለከተ ከኃላፊዎቹ ይልቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቀድመው ሲሄዱ ታይቷል፡፡ የትነበርሽ ንጉሤን ብዙ አንባቢ ያውቃታል፡፡ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ሥውር የሆነች፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያጠናች፣ በተማሪነቷ የዩኒቨርሲቲውን ሴት ተማሪዎች ማኅበር የመራች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች፡፡ ለሴቶች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ መስጠት ቀላሉ ሥራ ነው፤ በአንድ መስመር መመሪያ ይፈጸማል፡፡ ከባዱ ከገባች በኋላ ያለው ነው፤ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ዶርም የሚወስደው መንገድ መብራት አለው ወይ፣ የውጤት ማስፈራሪያ የሚያደርግባትን መምህር ለማን ትከሳለች፣ ለዓይነ ሥውሩ ፈተና የሚያነብለት ማን ነው? እነዚህ በመመሪያ አይፈጸሙም፤ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ማንነት ይወስናቸዋል፡፡

ከግቢው በር ውጭስ?

ተማሪ የሚመደበው በማዕከል ነው፡፡ የጎንደሩ ልጅ ወለጋ፣ የወላይታው ደባርቅ ይደርሰዋል፡፡ በ1990 ዓ.ም. ሁለት ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው፡፡ ሆኖም መንግሥት ልጁን ወደማያውቀው አገር ሲመድበው የመንገዱን ኃላፊነት ማን ወሰደ? በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ አንረሳም፡፡ የመንግሥት መግለጫና የወላጆቻቸው ቃል ሳይገጥም ቀረ፡፡ በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ተወሰዱ፤ የታገቱት ተሳፋሪዎች ከ100 በላይ ነበሩ፡፡ ወላጅ በመጀመሪያ የሚደውለው የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ነው፡፡ ዲኑ ምን ይበል? ሥልጣኑ በሩ ላይ ያልቃል፤ የእናትነቱ ነገር ግን በር የለውም፡፡

የመግቢያው በርም ራሱ ጠቧል፡፡ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የታየው ውጤት አገር ያስደነገጠ ነው፡፡ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ፡፡ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፡፡ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፡፡ ኩረጃ መቅረቱን እደግፋለሁ፤ ያለ ዕውቀት ዩኒቨርሲቲ መግባት ለማንም አልጠቀመም፡፡ ግን ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት አንድም ተማሪ አላሳለፉም ሲባል የወደቀው ልጁ ብቻ አይደለም፡፡ የማካካሻ ትምህርት (ሬሜዲያል) ተብሎ ከሚገቡት መካከል ብዙዎቹ ላቦራቶሪ አይተው የማያውቁ ናቸው፡፡ እነሱን አንድ ዓመት ይዞ ማቆየት ለዩኒቨርሲቲ መሪ ትልቁ ፈተና ነው፤ ሆኖም የትኛው ዩኒቨርሲቲ ከተቀበላቸው የሬሜዲያል ተማሪዎች ስንቱን እስከ ምረቃ አደረሰ የሚል ሰንጠረዥ ከምረቃ መጽሔቶቹ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፡፡ ስለ ሕንፃዎቹ ግን ባለ ቀለም ፎቶ ሞልቷል፡፡

በዚህ ላይ ያደገ ሰው

የአንድ ሰው የሥራ ዘመን በዚሁ ጉዳይ ብቻ ሊቆም እንደሚችል ለማሳየት ከውጭ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር፡፡ ፍሪማን ራቦውስኪ የሚባሉ አፍሪካ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር አሉ፡፡ በ12 ዓመታቸው በበርሚንግሃም የሕፃናት ሰልፍ እ.ኤ.አ. በ1963 ታስረዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1987 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ካምፓስ በአካዳሚክ አስተዳደር ሥራ ያዙ፡፡ በዓመቱ ሮበርት ማየርሆፍ ከተባሉ ባለሀብት ጋር ሆነው ጥቁር ወጣቶችን በሳይንስ የሚያበቃ የነፃ ትምህርት ፕሮግራም ጀመሩ፡፡ ነገሩ ገንዘብ መስጠት ብቻ አልነበረም፡፡ ልጆቹ ክረምት ላይ ቀድመው ይገባሉ፣ አብረው ይኖራሉ፣ በቡድን ያጠናሉ፣ አንዱ ሲንሸራተት በሳምንቱ ይታወቅበታል፡፡ ፕሮግራሙ በኋላ ለሴቶችም ለሌሎችም ተከፈተ፡፡ ሰውዬው እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2022 ሠላሳ ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነው ቆዩ፡፡ ስማቸው የሚነሳው በሠሩት ሕንፃ ሳይሆን ዶክትሬት በያዙት ልጆች ነው፡፡ ሠላሳ ዓመት! የእኛ ዲን ሠላሳ ወር ከቆየ ጓደኞቹ "እንዴት ቻልከው?" ይሉታል፡፡

ልዩነቱን በገንዘብ ብቻ ማሳበብ አይቻልም፡፡ የዲሲፕሊኑን ሥራ ከድጋፉ ሥራ መለየት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክሱን የሕግ ክፍሉ ይያዘው፣ ኮሚቴውን ሌላ ሰው ይሰብስበው፣ ዲኑ ከተማሪው ጎን ይቁም፡፡ በዲንነት የተሠራ ዓመት ለአካዳሚክ ደረጃ ዕድገት እንዲቆጠር ማድረግ የሴኔት ውሳኔ ነው፡፡ አማካሪዎችንና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎችን በራሳቸው የሙያ መሰላል ማሳደግ በጀት ይፈልጋል፣ እሺ፤ ቢሆንም አሁን ለግቢ ጥበቃ የሚወጣውን እያየሁ በጀት የለም ሲባል አላምንም፡፡ አንዳንዱ ሰው ዲሲፕሊኑን ከዲኑ ብትወስዱበት ተማሪው አይፈራውም ይለኛል፡፡ አዎ፣ አይፈራውም፡፡

አሁን ደግሞ አዲስ ጉዳይ መጥቷል፡፡ በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱን የመግቢያ ፈተናም መስጠት ጀምሯል፡፡ ከ1943 ጀምሮ ሲጓጓለት የኖረ ነፃነት ስለሆነ ደስ ይለኛል፡፡ ግን ራሱ መርጦ የሚያስገባና ገቢውን የሚያስብ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የማይችለውን ጎበዝ ልጅ የሚፈልግለት፣ ገብቶም እንዳይወድቅ የሚይዝለት ሰው በስም ያስፈልገዋል፡፡ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያ አይቶ፣ ዕቅዱን ጽፎ፣ ቀርቦ አስረድቶ እንዲወዳደር የሚያደርግ አሠራር መጥቷል፤ በዚህ ዓምድም ደግፌዋለሁ፡፡ ለተማሪዎች ዲንነት "ልምድህ ምንድን ነው? ስንት ተማሪ አቆየህ?" የሚል ማስታወቂያ ግን እስካሁን በአንድም ጋዜጣ ላይ አላየሁም፡፡